ልጅ «አልሄድም» ሲል

ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካልወረደበት በቀር ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጅም በእግሩ ይሻገረዋል። እናትና አባት ተፋተው አንዱ ከዚራ፣ ሌላው መጋላ ሲኖሩ ግን ይህችው አጭር መንገድ አንዳንዴ ለዓመታት ሳትሻገር ትቀራለች። ልጁ «አልሄድም» ብሏልና።

ሕጉ ነገሩን አልዘነጋውም። በድሬዳዋም የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን ወላጅና ልጅ ስለሚጠያየቁበት ሁኔታም እንዲወስን ያዛል። ይሁን እንጂ የልጅ ልብ በትእዛዝ አይመለስም።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሪቻርድ ጋርድነር በ1985 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን እምቢታ አንዱ ወላጅ ሌላውን በማጥላላት የሚያመጣው ሕመም አድርገው ስም አወጡለት። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ይህን ሕመም አላካተተውም። ስያሜው በቤት ውስጥ የደረሰ ጥቃትን ለመሸፈን መዋሉም ብርቱ ትችት አስነሥቷል።

በቤተ ሙከራ ለተማሪዎቻችን ዘወትር የምንነግራቸው ነገር እዚህም ይሠራል። አምፖል ሳይበራ ቢቀር ክሩ ተበጥሶ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ አምፖሉን በሩቁ በማየት ብቻ አይለይም። «አልሄድም» የሚለው ቃልም ከእውነተኛ ድብደባ የመጣ ፍርሃት፣ በየማታው ከሚሰማ ሐሜት የተቀዳ ጥላቻ፣ ወይም አብሮት የሚኖረውን ወላጅ ላለማስከፋት የተመረጠ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ሳይለዩ መፍረድ የተደበደበን ልጅ ወደ ደብዳቢው ይመልሳል፤ ወይም ምንም ያላጠፋን ወላጅ ከልጁ ይነጥላል።

ሽማግሌዎቻችን ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ይደክማሉ። ዕርቁ ካልሰመረ በኋላ ግን ልጁን ለብቻው አስቀምጦ በትዕግሥት የሚያደምጠው ማን ነው? ለ2005–2008 ዓ.ም. የተዘጋጀው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ ያለመ ነበር። እኛ ደግሞ ይኸው አገልግሎት የተለያዩ ቤተሰቦችንም ይድረስ እንላለን። ልጁን ደጋግሞ የሚያይ፣ ሁለቱንም ወላጆች የሚያነጋግር፣ የደረሰበትንም ለዳኛው የሚያስረዳ የሠለጠነ ባለሙያ በመንግሥት ወጪ ሊኖር ይገባል። ገንዘብ ያለው በግሉ ሐኪም ይፈልግ ይሆናል፤ የሌለው ግን ወዴት ይሂድ?

ውድ አንባብያን፣ ከእናንተም መካከል በሁለት ቤቶች መካከል ያደገ አይጠፋም። የወላጆቻችሁ ጠብ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ዳኝነቱም የእናንተ ሸክም አይደለም። ለምታምኑት መምህር ወይም ዘመድ ንገሩ። ነገ ሥነ ልቦና የምታጠኑም ይህን ባዶ ወንበር አስቡት።