ከጉልበት በፊት ክፍፍል

መንገድንም የውድድር ሜዳንም ለምታገለግል መኪና አስቀድሞ ጉልበት መጨመር ስሕተት ነው ባይ ነኝ። በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣችውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን እንመልከት። የዲፈረንሻሏ የጥርስ ምጥጥን ከ4.1 ወደ 4.3 ቢለወጥ ጎማዎቹ ዘንድ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል 5 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሞተሩ ግን በአውራ ጎዳናው ላይም በዚያው ልክ ፈጥኖ ሲጮኽ ይውላል። ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ ደግሞ በኩርባ ላይ ሸክም የቀለለው የውስጥ ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል፤ የተጨመረው ኃይል ጢስ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ቶርሰን የተባለውን ባለጥርስ ዲፈረንሻል አስቀድማለሁ፤ መሬት ለጨበጠው ጎማ አብዝቶ ያካፍላል፣ በመንገድም ዝምተኛ ነው። አንዱ ጎማ ከመሬት ከተነሣ አቅም ማጣቱን አልክድም። ሆኖም የሜዳው ውሎ ሲያበቃ ወደ ቤት የምትመልሰንም ያችው መኪና ናት።