«ቦርድ ቀይር» ምክር አይደለም

አንድ ተማሪ «አርዱይኖ ኡኖዬ መሃል ላይ ሪሴት እያደረገ አስቸገረኝ» ሲል፣ ኮዱን እንኳ ሳታዩ «ኢኤስፒ 32 ግዛ» የምትሉ ልጆች፣ ኧረ በፈጣሪ! ብሩን ማን ይስጠው?

አዎ፣ የኡኖ ራም 2,048 ባይት ብቻ ነው። ግን ምን እንደጨረሰው እዩ እንጂ። በሴሪያል ፕሪንት የምትጽፉት መልእክት ሁሉ ቦርዱ ገና ሲነሳ ራም ላይ ይገለበጣል። በአማርኛ ከሆነማ አንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፤ «ሰላም» ብቻዋን 9! በኤፍ ማክሮ ብትጠቀልሉት እዚያው 32 ኪሎባይቱ ፍላሽ ላይ ይቀራል። ከ255 ለማይበልጡ ቁጥሮች የኢንት አሬይ ምን ያደርጋል? ባይት ብትሉት ግማሹ ይተርፋል። ሉፕ ውስጥ ስትሪንግ መቀጣጠልማ ራሙን ይበጣጥሰዋል፣ ትልቁ ቦርድ ላይም ጭምር፤ እዚያ ዘግይቶ ይታያል እንጂ።

ኮምፓይል ስታደርጉ ከታች የሚወጣውን የራም ፐርሰንት የምታነቡ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እሱን ሳትጠይቁ ተማሪ ሱቅ አትላኩ።