ፎርም መበተን ጥናት አይደለም

ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ባሉት ባለ መስታወት ሕንፃዎች ውስጥ መተግበሪያ ለምትሠሩ፣ በተለይም ለምታሠሩ፣ በግልጽ የምነግራችሁ ነገር አለኝ። በእንግሊዝኛ ጎግል ፎርም አዘጋጅታችሁ፣ ሊንኩን ጓደኞቻችሁ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ለቃችሁ፣ የተመለሰውን በባለ ቀለም ግራፍ ደርድራችሁ «ተጠቃሚውን አጥንተናል» ማለታችሁን አቁሙ። ያጠናችሁት ራሳችሁን ነው።

ሰው ዌብሳይትና መተግበሪያ እንዴት እንደሚጠቀም በርቀት ማጥናት እንጀራዬ ነው። በርቀት አይቻልም የሚል ክርክር የለኝም። ከቦሌ ሳይነሱ ጎሮ ያለውን ባለሱቅ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ያሉትን ጡረተኛ፣ የካ አባዶ ያለችውን ተማሪ በስልክ መስማት፣ ስክሪናቸውን ማየት ይቻላል። አንጀቴን የሚያበግነውም ይኸው መቻሉ ነው። ወጪው ለሥራ ማስጀመሪያ ድግሳችሁ ከምታወጡት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን አይደረግም።

ገርጂ አካባቢ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ አንድ እናት ነበሩ። ልጃቸው አቡሽ የስልካቸውን ስክሪን በቴሌግራም አጋራልኝና ጀመርን። አስቀድሜ የሚከፍሉበት መተግበሪያ እንዴት እንደሆነላቸው ስጠይቃቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው፤ እናንተም ደክማችኋል» አሉኝ። «እናቴ፣ እስቲ ትናንት ለጤፉ እንደከፈሉት አድርገው ያሳዩኝ» አልኳቸው። ስክሪኑ ባለበት ቆመ። ምንም የሚነካ የለም። ጥቂት ቆይቶ «አቡሽ፣ ና ይቺን ክፈልልኝ» ሲሉ ሰማሁ፤ የምስጢር ቁጥራቸውንም ጮክ ብለው ነገሩት። በፎርም ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት «በጣም ረክቻለሁ» በሚለው ላይ ምልክት ተደርጎላቸው ያልፉ ነበር። ምልክቱን የሚያደርገውም አቡሽ ነው።

እኛ የደከመልንን ሰው ፊት ለፊት መንቀፍ የሚከብደን ሰዎች ነን። ይሉኝታ ይይዘናል። ታዲያ ይህን እያወቃችሁ «ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? «ትናንት እንዴት አደረጉ? የቱ ጋ ቆሙ? ማንን ጠሩ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ዝም በሉ። በስልክ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ጭንቅ ይላል። ብዙ ጠያቂ ዝምታው ሲረዝምበት «ይሄኛውን ይጫኑት» ብሎ ይገላገላል፣ ልፋቱንም በገዛ አፉ ያበላሻል። ከቀዳሁት ድምፅ ውስጥ የእኚያን እናት የምስጢር ቁጥር የያዘውን ክፍል ወዲያው አጥፍቼዋለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እያለ፣ የሰው ድምፅ ሳያስፈቅዱ ቀድተው የትም ፋይል ውስጥ የሚጥሉ አሉና ይህንንም ሳልናገር አላልፍም።

አለቆች «አምስት ሰው ይበቃል» ማለት ይወዳሉ። የአጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. የጻፈውን እየጠቀሱ ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን፣ ተጠቃሚዎቹ በጣም የተለያዩ ከሆኑ ከየወገኑ ሰው ማካተት እንደሚያስፈልግ ተጽፏል፤ ይህን የሚያነሳ የለም። የአዲስ አበባ ምሥራቅ አንድ ወገን ነው እንዴ? ሲኤምሲ ፋይበር ኢንተርኔት ያስገባው ሰውና ለሚ ኩራ ዳር በሰዓት ፓኬጅ የሚጠቀመው ጥበቃ አንድ ናቸው? የልደት ቀኗን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ የምታውቅ ሴት፣ የቀን መምረጫው በፈረንጅ ሲመጣባት የምታደርገውን ከአምስት የቢሮ ጓደኞቻችሁ መካከል ማን ይነግራችኋል?

የተጠቃሚ ብዛትም መከራከሪያ ሆኖ ይቀርብልኛል። ብዛት ምቾትን አይመሰክርም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ተጀመረ፤ በ2015 ደግሞ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ተደረገ። ቴሌብርን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። ሰው አማራጭ ሲያጣ ቸገረውም አልቸገረው እንደሚከፍል፣ በዚህም ጊዜ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ችግሩ ምንም እንደማይናገር ለማስታወስ ነው። ግዴታ በሆነ አገልግሎት ላይ የሚሠራ ሰው፣ ሰዉ ጥሎት መሄድ ስለማይችል፣ የመስማት ዕዳው ከማንም ይበልጣል።

ሲሰሙ ምን እንደሚገኝ በዚሁ ከተማ አይተናል። ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ራይድ መተግበሪያ ይዞ መጣ፤ 8294 ብሎ መደወልን ግን አልዘጋም። ስማርት ስልክ የሌለው፣ ዳታው ያለቀበት ሰው ደውሎ መኪና ያስጠራል። ስልክ መደወል የኋላ ቀር መንገድ ነው ብሎ የሚንቅ ሁሉ ይህን ያስብበት። ለጥናትም እንደዚያው ነው። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ በዙም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ጥናት ሁሉ ባለበት ቀረ። ተራ የስልክ ጥሪ የዋናው ዕቅድ አካል ይሁን።

ቀጣዩን በጀት ስትይዙ ለሚያናግሯችሁ ሰዎች የዳታ ፓኬጅ አስቀድማችሁ ግዙ፤ ከገበያቸው የወሰዳችሁባቸውን ሰዓትም ክፈሉ። የሰው ጊዜ በነፃ እየወሰዱ ለማስታወቂያ ሚሊዮን ማውጣት ነውር ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «ሦስት ሰዓት» ያላችሁት ጠዋት ይሁን ማታ፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚቀላቸው ቋንቋ ጠይቁ። ሪፖርቱንም ለሥራ አስኪያጁ አጠቃልላችሁ አታቅርቡለት። ጥሪው ላይ ይግባ፣ ማይኩን ይዝጋ፣ ኮዱን የጻፈው ልጅም አጠገቡ ይቀመጥ፤ እናትየዋ አቡሽን ሲጠሩ ሁለቱም በጆሯቸው ይስሙ።