የመምህሩ መሸኛ ከመምህሩ ኪስ

ሰኔ ሲጋመስ በኮልፌ ቀራንዮ ትምህርት ቤቶች አንድ የታወቀ ፕሮግራም አለ። የፈተናው ወረቀት ታርሞ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይደረጋል። በየጠረጴዛው ለስላሳ፣ ዳቦና ቆሎ ይቀመጣል፤ ክትፎ ከተጨመረ ዓመቱ ደህና ነበር ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩ ይናገራሉ። ከወረዳ የመጡት የክብር እንግዳ ይናገራሉ (ከተሸኚው ጋር የተዋወቁት እዚያው በር ላይ ነው)። ከዚያ ጡረታ ለሚወጡት መምህር ጋቢ ይደረብላቸዋል፣ የግድግዳ ሰዓትና በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ በቃ።

ይህን የከፈለው ማነው? ብዙ ቦታ መልሱ አንድ ነው፤ የከፈሉት መምህራኑ ናቸው። ለለቅሶ፣ ለወሊድ፣ ለሠርግና ለመሸኛ እየተባለ ከእያንዳንዳቸው ደሞዝ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል። ተሸኚውም ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሌሎችን ለመሸኘት ሲያዋጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ያ ጋቢ የራሳቸው ገንዘብ ነው፤ በሥራ ባልደረቦቻቸው እጅ ዞሮ ትከሻቸው ላይ ተመለሰ። እቁብ እንኳን ከዚህ ይሻላል። እቁብ ቢያንስ ተራ ሲደርስ በጥሬው ነው የሚሰጠው፣ የክብር እንግዳም ንግግር አያደርግበትም።

ጠባችን ከመምህራኑ ጋር አይደለም። ከጎደለ ኪሳቸው አዋጥተው ጓደኛቸውን በባዶ እጅ ያልሰደዱት እነሱ ብቻ ናቸው። ጠባችን ከሰፈሩ ጋር ነው። ከአጣና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴልና ዓለም ባንክ ድረስ ፊደል ቆጥሮ ሰው ከሆነው፣ ሱቅ ከከፈተው፣ ሚኒባስ ከገዛው፣ ዶክተር ከተባለው፣ ዲያስፖራ ከሆነው ሕዝብ ጋር ነው። የተማርነው እኛ፣ ከፋዮቹ እነሱ! ባለዕዳው ቆሞ ሲያጨበጭብ አበዳሪው ሒሳቡን የሚዘጋበት አገር ከኛ ሌላ ይኖር ይሆን?

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ልጁ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ ከመልእክት ወንጌል ተሻግሮ ዳዊት ሲደግም ድግሱ የሚደገሰው በልጁ ቤት ነበር። የኔታ ተጠርተው ከፍ ካለው ቦታ ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ የአቅም ያህልም ስጦታ ይዘው ይሄዳሉ። ኮልፌ የእስላምና የክርስቲያን ሰፈር ነውና በጎረቤታችንም ያው ነው፤ ልጅ ቁርዓን ሲያኸትም ኡስታዙ የሚከበሩት ልጁን ባሳደገው ቤት ነው። ልብ በሉ፦ ምስጋናው የሚደርሰው መምህሩ ገና ሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ የሚያቀርበው ደግሞ የተጠቀመው ቤተሰብ ነው። ሁለቱ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ሳይመካከሩ የተስማሙበትን ነገር ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገልብጦ ያዘው። ሥራው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ የሚደግሱትም ልጁን የወለዱትና ያስተማሩት ሳይሆኑ ከመምህሩ አጠገብ ጠመኔ ሲቦን የኖሩት ናቸው።

ዛሬ የምርቃት ድግሱን ተመልከቱት። ጋውን ይከራያል፣ ካሜራማን ይቀጠራል፣ ኬክ ይቆረጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የአባት የሥራ ባልደረባ ሳይቀር ይጠራል። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ግን ሁለት ፌርማታ ርቀው እየኖሩ አይጠሩም። ስማቸውን የሚያስታውስ ቢኖር እንኳ የጥሪ ካርዱ አልቋል።

ለመሆኑ የምንሸኛቸው ሰው ማን ናቸው? በ2018 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቷቸው የሚወጡትን አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር እንውሰድ። የተወለዱት በ1958 ነው። በ22 ዓመታቸው ተቀጥረው ከሆነ ሥራ የጀመሩት በ1980፣ ደርግ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። 1983ን ክፍል ውስጥ ሆነው አሳለፉ። በ1986 አዲስ የትምህርት ፖሊሲ መጣ፤ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ተቀየረ። በ1989 የመምህራን ማኅበር አመራር የነበሩት አሰፋ ማሩ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ደግሞ እስከ 1994 ድረስ እስር ቤት ነበሩ። የኛ ሰው በማግስቱ ጠመኔያቸውን ይዘው ክፍል ገቡ።

ከዚያ በ1997 ግድም ፕላዝማ መጣ። ይህ ነገር ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይገባዋል። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በቴሌቪዥን ይለቀቅና መምህሩ መግቢያ ላይ አምስት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። በመካከል ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። አሥራ ምናምን ዓመት ያስተማረን ሰው እንደ ቪዲዮ ቤት ተቆጣጣሪ አቆምነው ማለት ነው። ደግነቱ መብራት ኃይል ነበረ! መብራት ሲጠፋ ሰማንያ ተማሪ ዞር ብሎ መምህሩን ያያል፤ እሳቸውም ጠመኔ አንስተው «የት ጋ ነበር የደረሰው?» ይላሉ። የዚያ ትውልድ ስንቱ ኬሚስትሪ የገባው መብራት በጠፋበት ቀን እንደሆነ ቢቆጠር ያስገርም ነበር።

ፕላዝማው አለፈ። ቢፒአር መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ፣ ሌላ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ የአገሩም ጣት ወደ መምህሩ ዞረ። ፖሊሲውን የጻፈው፣ ፕላዝማውን የገዛው፣ ሰማንያ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ የሞላው ሁሉ ጣቱን ቀሰረ። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የግድግዳ ሰዓት የሚሰጣቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በደውል ለኖረ ሰው ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ እንደሆነ እስካሁን አልተገለጠልንም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ክብር ክብር እያሉ ስለ ገንዘብ ዝም ማለት የክብር እንግዶች ሥራ ነው። በ2003 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ያኖረው ስሌት እንዲህ ነበር፦ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደሞዝ አማካይ ይወሰዳል፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 38 ዓመት ላገለገሉት መምህራችን 65 በመቶ ይደርሳቸዋል። በወረቀት ላይ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ይህ ከዛሬው ደሞዝ ሳይሆን ከሦስት ዓመት አማካይ ላይ ነው የሚታሰበው። በ2014 ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በሄደበት አገር የሦስት ዓመት አማካይ ማለት ያለፈውን ዘመን ደሞዝ ይዞ የዘንድሮን ዘይት መግዛት ነው።

የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የባሱ ናቸው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ያገኙት በዚያው በ2003 በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ከዚያ በፊት አሠሪው ፕሮቪደንት ፈንድ ካላስያዘ በቀር ሠራተኛው የሚቆጠርለት ነገር አልነበረም። በ1990 የተቀጠረ ዘበኛ በ2018 ሲወጣ ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሏል፤ በተመሳሳዩ ስሌት የሚቆጠርለት ግን አሥራ አምስቱ ነው። 36.25 በመቶ! የዘበኛ ደሞዝ 36.25 በመቶ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው፤ እኛ መጻፉ ከብዶናል።

ዘበኛውን ካነሳን አይቀር፣ እነዚህ ሰዎች መድረክ ላይ ለምን አይታዩም? ረፋድ ላይ ስትደርስ በሩን ገርበብ አድርጎ «ቶሎ ግባ፣ ዩኒት ሊደሩ ሳያይህ» ያለህ ማን ነበር? የወደቀችውን የአንደኛ ክፍል ልጅ ጉልበቷን አጥበው፣ አፍንጫዋን ጠርገው ወደ ክፍሏ የመለሷት የጽዳት ሠራተኛዋ አይደሉም ወይ? ትራንስክሪፕት ፍለጋ ከአሥር ዓመት በኋላ ስትመጣ ካርቶን ለካርቶን አገላብጠው ስምህን ያወጡልህ የሪከርድ ክፍሏ እመቤትስ? እነዚህ ሲወጡ ብዙ ቦታ ጋቢውም አይኖርም። አንድ ቀን በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ታገኛለህ፤ ስትጠይቅ «ወጡ እኮ፣ አልሰማህም?» ትባላለህ። ስማቸውን እንኳ አናውቅም፤ «ጋሼ» እና «እትዬ» ብለን ነው ያለፍነው።

ኮልፌ ራሷ የማስታወስ ችግር የለባትም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እዚህ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን የማያውቅ የሰፈሩ ልጅ የለም፤ እንግዳ ሲመጣም እናወራዋለን። ያሠለጠኗቸውን ግን ጥሩ ብንባል ስንቶቻችን እንጠራለን? ማንዴላ ራሳቸው ጠርተዋቸዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ወታደራዊ ሳይንስ ያስተማሯቸውን ኮሎኔል ታደሰን፣ ያሠለጠኗቸውን ሌተናንት ወንዶኒ በፈቃዱን በስም ጽፈዋል። ታደሰ ብሩ በ1967 በደርግ ተገድለው ነበር፤ መጽሐፉ ሲወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቶ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው፣ ፕሬዚዳንት በሆነበት ዓመት፣ የጥቂት ሳምንት አስተማሪዎቹን ስም አልረሳም። እኛ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን የፊዚክስ መምህራችንን የምናስታውሰው በቅጽል ስማቸው ነው።

«የመምህራን ቀን አለ እኮ» የሚለን አይጠፋም። አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ኦክቶበር 5፣ በኛ መስከረም 25 ግድም ይከበራል። ባነር ይሰቀላል፣ አዳራሽ ይሞላል፣ መሪ ቃል ይነበባል። «የበጎ ሰው ሽልማት አለ» የሚልም ይኖራል። እሱም መልካም ነው፤ ለመምህርነት ዘርፍ መስጠቱ የሚመሰገን ነው። ግን ሽልማት በባሕርዩ ከብዙዎች አንዱን መርጦ ማውጣት ነው፤ የቀሩት ሁሉ ወደ ሽንኩርት ሰልፋቸው ይመለሳሉ። ቬትናሞች የመምህራን ቀን አላቸው፤ ኖቬምበር 20። በዚያ ቀን የቀድሞ ተማሪዎች አበባ ይዘው ወደ መምህራቸው ቤት ይሄዳሉ። ለዚህ አዳራሽም የክብር እንግዳም አያስፈልግም። እንቁጣጣሽ ላይ አበባ ስሎ በየቤቱ የሚዞር ልጅ ያላት አገር ይህን ከቬትናም መማር ነበረባት?

ሌላው ሰበብ «ተበታትነናል» የሚለው ነው። ጀሞ ገብተናል፣ ኮዬ ፈጬ ገብተናል፣ ዋሽንግተን ገብተናል። ይሁን። ታዲያ መምህሩ ኩላሊታቸው ታሞ ፎቷቸው ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ ያ ሁሉ ሰው ከየት ይመጣል? በሦስት ቀን ቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ብር ይገባል። መደራጀት አቅቶን እንዳልሆነ ይህ ራሱ ይመሰክራል። የምንደራጀው ግን ሰውየው አልጋ ላይ ሲውሉ ነው፤ ያኔ ደግሞ የምንሰጠው ምስጋና መሆኑ ቀርቶ ምጽዋት ሆኖ ይቀበሉታል። ኩሩ ሰው በዚያ መልክ መቀበል እንዴት እንደሚያሳፍረው አስቡት።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የሸኚነቱ ወጪ ከመምህራን ደሞዝ ይውረድና በቀድሞ ተማሪዎች ላይ ይሁን፤ በየዓመተ ምሕረቱ የተመረቀው ባች ተራ ይያዝ። ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ እኩል ይቀመጡ፣ እኩል ይደረብላቸው። ሰዓቱ ይቅር። በምትኩ ከባቹ አንድ ጉልበት ያለው ልጅ ተመድቦ ከተሸኚው ጋር ለጡረታ ጉዳይ ይመላለስ፤ ከገጠር ወረዳ ጀምረው ያገለገሉ ሰው የድሮ የአገልግሎት ማስረጃቸውን በስድሳ ዓመታቸው ብቻቸውን በአውቶቡስ ሲያሳድዱ መኖር የለባቸውም። ይህ ጡረታው ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢጀመር ይመረጣል። የሚናገረውም የወረዳው እንግዳ ሳይሆን ተማሪ ይሁን፤ አጭር ይበል፣ ከመምህሩ የተማረውን አንድ ነገር ይናገር።

«ወጪው» ለምትሉ፦ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ሳህኑና ብረት ድስቱ በየሰፈሩ እድር ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ለሞተ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። የእድር ዳኞቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ያስተማሩት እነዚሁ መምህራን ጋ ነው፤ ተጠይቀው እንቢ ይላሉ ብለን አናምንም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው።