«ለሁሉም የሚሆን» ዘንግ? ለየትኛው ሁሉም?

በዚህ ሳምንት ብቻ አንድ አይነት ጥያቄ ስንት ጊዜ ኢንቦክሴ ውስጥ እንደገባ አልቆጠርኩም። «ቲቸር፣ ከዳር ሆኜ ባሕር ላይ የምወረውርበት አንድ ዘንግ ልገዛ ነው። ለሁሉም የሚሆን ነው ብለውኛል፣ 4 ሜትር ከ50፣ እስከ 250 ግራም። ልግዛው?»

አትግዛው። ለምን የሚለውን ለእያንዳንዱ ከምተይብ እዚህ ልዘርግፈው ብዬ ነው። ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ የሚናደድም ካለ ኮሜንቱ ክፍት ነው።

ጎንደር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር ዓሣ አጥማጅ ሆነ እንዴ» ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። አዎ። አሽከሎን ሜዲትራኒያን ዳር ያለች ከተማ ናት፣ ባሕሩ ከቤቴ በእግር ይደረሳል፣ አርብ ደግሞ ክፍል የለኝም። እዚህ እንደ ጣና በታንኳ ገብተን መረብ አንጥልም። አሸዋው ላይ ቆመን በረጅም ዘንግ እርሳስና መንጠቆ ወደ ባሕሩ እንወረውራለን፣ ከዛ ዘንጉን አሸዋ ላይ በተተከለ ማቆሚያ ሰክተን ጫፉን እያየን እንጠብቃለን። ነገሩ በቃ ይሄው ነው። እዚህ ሐካ ይሉታል፣ እኔ ዘንግ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ይሄ 250 የሚለው ቁጥር። ብዙ ሰው «ጠንካራ ነው» ማለት ይመስለዋል። የሚይዘው ዓሣ ክብደት የሚመስለውም አለ። አይደለም። ዘንጉ እንዲወረውር የተሠራለት የእርሳስ ክብደት ነው፣ ያውም ከፍተኛው። ዘንግ ማለት ስፕሪንግ ነው። እርሳሱ ያጎብጠዋል፣ ሲቃና ይወረውረዋል። ለ250 ግራም በተሠራ ዘንግ ላይ 100 ግራም ብታንጠለጥሉበት አይጎብጥም። ካልጎበጠ ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት እየወረወራችሁ ነው፣ የሚደክመው ትከሻችሁ ብቻ ነው። እኛ ባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ በአብዛኛው ቀን የሚያስፈልገው እርሳስ ከ80 እስከ 120 ግራም ነው። ታዲያ ያ ዘንግ ለየትኛው «ሁሉም» ነው የሚሆነው? እኛ ለማንወረውረው እርሳስ ነው እኮ!

ርዝመቱም እንደዚሁ ነው። «በረዘመ ቁጥር ይርቃል» የሚሉት ሰዎች ሌቨርን ግማሹን ብቻ የተማሩ ናቸው። አንድ እጃችሁ ከታች ጫፉ ላይ ነው፣ ሌላኛው ሪሉ ጋ ነው፣ በሁለቱ መካከል አንድ ሜትር እንኳን አይሞላም። ከዛ በላይ ሦስት ሜትር ተኩል ዘንግ አለ። ጫፉ ፈጥኖ እንዲዞር ያደረገው ይሄ ልዩነት ነው፣ ነገር ግን የዛኑ ያህል ጉልበት ከእናንተ ይፈልጋል። 30 ሴንቲ ሜትር ስትጨምሩበት ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ጉልበቱ ከሌለ ዘንጉ ቀስ ብሎ ይዞራል። ቀስ ብሎ የዞረ ረጅም ዘንግ ደግሞ ፈጥኖ በዞረ አጭር ዘንግ ይበለጣል። የእርሳሱ ፍጥነት በ10 በመቶ ቢጨምር፣ አየርን ትተን ብናሰላ፣ ርቀቱ በ21 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ። ስለዚህ የምትገዙት ፍጥነት ነው መሆን ያለበት፣ ሜትር አይደለም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 የሆነ የጂም ልጅ 4.50 ሊያዞር ይችላል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ባሕር የመጣ የ50 ዓመት ሰውዬ ግን አይችልም፣ ሊጠበቅበትም አይገባም።

ታዲያ ይሄን ምክር የሚሰጠው ማነው? አንዱ ሻጩ ነው። እሱን አልወቅስም፣ እንጀራው ነው። ሌላው የራሳችን ሰው ነው፤ ዩቱብ ላይ የእንግሊዞቹን ቪዲዮ አይቶ የመጣው። እንግሊዞቹ ከዳር መወርወርን እንደ ሃይማኖት የያዙ ሰዎች ናቸው፣ ከእነሱ ብዙ ተምሬአለሁ። ነገር ግን ባሕራቸው ሌላ ነው። ብሪስቶል ቻነል የሚባለው ቦታ ውሃው ሞልቶ ሲጎድል ልዩነቱ እስከ 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያን የሚያህል ውሃ በየስድስት ሰዓቱ ሲገባና ሲወጣ እንደ ወንዝ ይጎትታል። 5 እና 6 አውንስ እርሳስ፣ ማለትም ከ140 እስከ 170 ግራም፣ ታች ላይ ለማቆም ነው የሚወረውሩት። እኛ ጋ በአሽዶድና በአሽከሎን በኩል ልዩነቱ ግማሽ ሜትር እንኳን አይሞላም። ክረምት ማዕበል ሲነሳ ውሃው ወደ ጎን ይጎትታል፣ አልክድም። ያኔ ግን ክብደት ከመጨመር በፊት ጥፍር ያለውን እርሳስ መሞከር ነው፤ አራት ሽቦ ያለው፣ አሸዋውን የሚይዘው። 110 ግራም ባለ ጥፍር እርሳስ ከ160 ግራም ልሙጥ እርሳስ በተሻለ ይቆማል። ልዩነቱ የጥቂት ሸቀል ነው።

ደግሞስ ዓሣው የት ነው? ዴኒስም ሳርጎስም ማርሚርም ምግባቸውን የሚለቅሙት ሞገዱ አሸዋውን የሚያገላብጥበት ቦታ ነው፣ ትሉና ቀንድ አውጣው እዛ ነዋ ያለው። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ፣ ውሃው ትንሽ ደፍረስ ሲል፣ ከ30 እስከ 60 ሜትር ውስጥ ናቸው። ሰውዬው ግን እላያቸው ላይ አሳልፎ 120 ሜትር ይወረውራል፣ ከዛ «ባሕሩ ባዶ ነው» ይላል። ሜዳ ላይ፣ ያለ ትል፣ ለውድድር በተሠራ ዘንግ ከ250 ሜትር በላይ የሚወረውሩ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። የእነሱ ሙያ ያስደንቃል፣ የእነሱ ዘንግ ግን ራት አያበላም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

100 ሜትር የሚደርስ እርሳስ ከእጃችሁ ሲወጣ በስንት ፍጥነት ይበራል? የድሮ ተማሪዎቼ አስሉት፣ በ45 ዲግሪ፣ 9.8 በ100 አባዙና ስኩዌር ሩት አውጡ። በሰከንድ 31 ሜትር ይመጣል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ የአየሩ ግጭት ስላለ በእውነቱ ከዛም ይበልጣል። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ የ150 ግራም እርሳስ ክሩ መሃል ላይ ቢበጠስ የሚሄድበትን ማንም አይመርጥለትም። ሰው ይገድላል። ማጋነን አይደለም።

ስለዚህ ከዋናው ክር ፊት ወፍራም ክር ይታሰራል፣ ሾክ ሊደር የሚሉት። ልኩ የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ፣ ማለትም ለ28 ግራም፣ 10 ፓውንድ ወይም 4 ኪሎ ተኩል የሚችል ክር። 112 ግራም ከሆነ 18 ኪሎ የሚችል፣ 250 ግራም ከሆነ 40 ኪሎ የሚችል። ሪላችሁ ላይ ያለው ተራው 0.30 ሚሊ ሜትር ክር የሚችለው 7 ኪሎ አካባቢ ነው። ሊደሩ እርሳሱ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጫፉ ወርዶ ሪሉ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ መጠምጠም አለበት፣ አለበለዚያ እንዳላሰራችሁት ነው።

ታዲያ «ለሁሉም ይሆናል፣ እስከ 250» ብሎ ለጀማሪ የሸጠው ሰው ይሄን ነግሮታል? ቅዳሜ ከሰዓት ሕፃናት በሚሯሯጡበት ዳርቻ 180 ግራም በ0.35 ክር፣ ያለ ሊደር፣ ሲወረውሩ አይቻለሁ። «ዘንጉ ይችላል» ነው መልሱ። ዘንጉማ ይችላል! ክሩ ነው የማይችለው። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ትልቅ እርሳስ ያስወረውራል፣ የእኔ ጥላቻ ከዚህ ነው የሚመጣው።

መብረቅም ሌላ ነው። እነዚህ ዘንጎች ካርቦን ናቸው፣ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በጥቅምትና በኅዳር ነጎድጓድ ስትሰሙ ባሕር ዳር አራት ሜትር ካርቦን አቁማችሁ አትጠብቁ። ዓሣው ቢበላም አትጠብቁ። በኤሌክትሪክ ገመድ ሥር ዘርግታችሁ ማለፍም ያው ነው።

እሺ፣ ምን እንግዛ? 4 ሜትር ከ20፣ ቁመታችሁ ከ1.70 በታች ከሆነ ወይም ከልጃችሁ ጋር የምትጋሩት ከሆነ 3 ሜትር ከ90። ከ100 እስከ 150 ግራም የሚል። ጫፉ ለስላሳ፣ ታችኛው ግማሽ ጠንከር ያለ። በእሱ ከ90 እስከ 120 ግራም ስትወረውሩ ዘንጉ ይሠራል፤ የትሉም ክብደት እንደሚጨመር አትርሱ። ለስላሳ ጫፍ የምለው ለምቾት አይደለም። የማርሚር አፍ ትንሽ ናት፣ ደረቅ ጫፍ መንጠቆውን ይነቅለዋል፣ ሲነካካም አያሳያችሁም።

ሦስት ቦታ የሚነጣጠለው ይሻላል። እየተሳበ የሚገባ የሚወጣው፣ ቴሌስኮፒክ፣ በየመገጣጠሚያው አሸዋ ይበላል። ሆኖም መኪና የሌለውን በአውቶቡስ የሚመላለስ ሰው በቴሌስኮፒክ የሚያሾፉት ያበሳጩኛል። አጥቦ ከያዘው ዓመታት ያገለግለዋል። ባለ ሦስቱ ግን አንዱ ቁራጭ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ስለሆነ አውቶቡስ ውስጥም ይገባል፣ ይሄን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም።

ሱቅ ውስጥ ገጣጥሙት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ገጣጥሙት፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው። የታችኛውን ጫፍ ደረታችሁ ጋ ይዛችሁ ሌላኛውን እጅ ሪሉ የሚታሰርበት ቦታ አድርሱ። ክርናችሁ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ዘንጉ ለእናንተ አይደለም። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት ጥጥ ይዛችሁ ሂዱና በየቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ። ጥጡ ከያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፣ ክራችሁን ይቆርጠዋል። ሺማኖም ይሁን ዳይዋ ወይም ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት፣ ይሄን ካለፈ አለፈ ነው።

«4.50 ክሩን ከሞገዱ በላይ ያነሳዋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ረዘም ያለ ማቆሚያ አሸዋ ላይ ብትተክሉም ያነሳዋል፣ ያውም በዘንጉ ዋጋ ትንሽ ክፋይ። «አንድ ዘንግ ለሁሉም ብሎ ነገር የለም፣ ሦስት ግዛ» የሚሉት ደግሞ ከሻጩም ይብሳሉ። እርግጥ ሰው ሠራሽ ዓሣ እየወረወራችሁ ላብራክ ልታሳድዱ ከፈለጋችሁ ይሄ ዘንግ አይሆንም፣ ከብዶ ክንዳችሁን ይገድለዋል። ከዛ ውጪ ግን ከአሸዋ ላይ፣ በበጋም በክረምትም፣ አንዱ ይበቃል።

ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት ይባል የለ? እኛ ዘንግ ስንመርጥ ግን ሰው እያየን ነው የምንመርጠው። ጎኑ የቆመው ሰው የያዘው በብዙ መቶ ሸቀል ከሆነ የእኔ ያንሳል ብለን ነው። በታሽሉሚም ይወሰዳል፣ 12 ወር ይከፈላል። ሰውዬው ደመወዙ ከኪራይ የማይተርፍ ነው። ከዛ ዘንጉ ትከሻውን ስለሚያሳምመው ከሁለት ወር በኋላ ሰገነት ላይ ይቆማል፣ ክፍያው ግን ይቀጥላል። ያስቆጨኛል። የብዙ አባቶቻችን ብቸኛ ማረፊያ ባሕሩ ነው። ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ቀጠሮ የማይፈልግ ቦታ ነው። እዛም ሄደን «ያንተ ዘንግ አጭር ነው» ካልናቸው ሌላ የት ይሂዱ?

የተረፋችሁን ገንዘብ ክር ላይ አውሉት። 0.35 ከምትጠቀሙ 0.28 ብታደርጉ የክሩ ውፍረት በስፋት ሲለካ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ሊደሩ እስካለ ድረስ ርቀት የምታገኙት ከዚህ ነው። መንጠቆም ደጋግማችሁ ግዙ፣ ምክንያቱም ሆዱን የሚነፋው ዓሣ፣ አቡ ናፍሃ የሚሉት፣ በስዊዝ ካናል ከቀይ ባሕር ገብቶ ሞልቷል፣ ክር እንደ መቀስ ነው የሚቆርጠው። እሱን ከያዛችሁ አትብሉት፣ ለሰውም አትስጡ። መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም።

አርብ ጠዋት ከ5፡30 ጀምሮ ዳር ላይ ነኝ። የ4.20 እና የ3.90 ዘንግ ይኖረኛል፣ 100 ግራም እርሳስም። ለመግዛት ያሰባችሁ መጥታችሁ ሁለቱንም ወርውሩ፣ ያንን 4.50 የያዘ ካለም ይዞት ይምጣ፣ ጎን ለጎን እንወረውረዋለን። ትል ግን የየራሳችሁን።