ሕዝብ የሌለበት የሕዝብ ታሪክ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ ናስ ይቆጠራል» የሚለው አባባል በዛሬው ጊዜ ከማንም ይበልጥ የሚስማማው በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለሚሰጠው የቅርስና የታሪክ ትምህርት ነው። ወርቁ በእጅ አለ። አያያዙ ግን የናስ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ሽቅብ ወጥቶ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ያቆሙት የፋሺስት ኢጣሊያ ወራሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለተቆጠረው ለእያንዳንዱ ዓመት መታሰቢያ እንዲሆን የተሠራ ነው። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት እንጂ። የትዕቢት ሐውልት የነበረው የድል ሐውልት ሆነ። በዚሁ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ የአዲስ አበባም ሕዝብ ለሦስት ቀናት ተጨፈጨፈ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የታገቱት መኳንንትና ሹማምንት የተረሸኑት በዚሁ ቤት ነው። በ1954 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በውስጡ ነው።

ታዲያ ቅርስንና የሕዝብን ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ ግቢ የተሻለ የመማሪያ መጽሐፍ ከወዴት ይገኛል? ይሁንና በየዓመቱ እልፍ ተማሪ ደብተሩን ታቅፎ በደረጃው ሥር ያልፋል። ምንነቱን ቢጠየቅ አፉን ሞልቶ የሚመልሰው ስንቱ ይሆን? ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የጥፋቱ ሥር መመርመር ይኖርበታል።

በመሠረቱ ይህን ትምህርት አንቀው የያዙት ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ቅርስን የገበያ ዕቃ አድርጎ የሚያየው አመለካከት ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት ቅርስ ማለት «ጭስ አልባ ኢንዱስትሪ» የሚባለው የቱሪዝም ጥሬ ዕቃ ነው፤ የቅርስ ተማሪም ከምረቃው በኋላ ጎብኚን ተቀብሎ የሚያስተናግድ አስጎብኚ ከሆነ ይበቃዋል። አስጎብኚነት የተከበረ ሙያ መሆኑ አይካድም። አገር ከቅርሷ ገቢ ማግኘቷም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ነገር ዋጋ በጎብኚ ቁጥር ከተለካ፣ ጎብኚ በቀረ ጊዜ ዋጋው ምን ሊሆን ነው? በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲዘጋ፣ ቀጥሎም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ሲነሣ የውጭ ጎብኚ ከላሊበላ ጠፋ። ይሁንና አብያተ ክርስቲያናቱ የቱሪስት ማረፊያ ሆነው ስላልታነፁ ቅዳሴው አልተቋረጠም። ሆቴሉ ባዶ ሲሆን መቅደሱ ባዶ አልሆነም። ቅርስ አስቀድሞ የባለቤቱ፣ ኋላ የእንግዳው መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው አመለካከት ከመጀመሪያው ይበልጥ የተከበረ ልብስ የለበሰ፣ ስለዚህም ይበልጥ አደገኛ የሆነው ነው። ይህም ታሪክን የምሁራን የግል ርስት አድርጎ የሚያየው ነው። በአገሪቱ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ «ታሪክና ቅርስ አስተዳደር»፣ «አርኪዎሎጂና ቅርስ አስተዳደር» የሚባሉ የትምህርት ክፍሎች አሉ። ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ገጠር ይወርዳል። ከአዛውንቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፤ ካህኑ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ብራናውን ያሳየዋል፤ ባልቴቷ የአካባቢዋን ዜማ ታወርድለታለች። እርሱም ያን ሁሉ ተሸክሞ ይመለስና በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በእንግሊዝኛ ተከራክሮ ማዕረጉን ይቀበላል፤ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ይውላል። ታሪኩን የነገረው አዛውንት ምን ተብሎ እንደ ተጻፈበት ሳያውቅ ይሞታል። በሬውን ያረሰው እርሱ፣ ምርቱን ያስገባው ሌላ! ይህ ዓይነቱ ጥናት ከሕዝብ ተወስዶ ለሕዝብ ያልተመለሰ ብድር ከመሆን በቀር ሌላ ስም ሊሰጠው አይችልም።

«እንግሊዝኛ የሳይንስ ቋንቋ ነው፤ ያለ እርሱ ዓለም አይሰማንም» የሚል መልስ ይቀርባል። መልሱ ከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከእሳትና ከምስጥ አድኗል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም አሜሪካ ውስጥ ተቀምጠው እነዚያን መጻሕፍት ለዓለም ሊቃውንት በካታሎግ ዘርዝረው ማቅረባቸው ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ካታሎጉ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። መጻሕፍቱን ለብዙ መቶ ዓመታት በቆዳ ማኅደር ሸፍኖ፣ ከጠላት ዋሻ ውስጥ ሸሽጎ ያቆየው የገዳም ዕቃ ቤት ጠባቂ ስለ ራሱ መጽሐፍ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ለዓለም መናገር አንድ ነገር ነው፤ ለባለቤቱ ሳይነግሩ ለዓለም ብቻ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ላይ ዕውቀት ብቻውን ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ አብሮ መጥቷል። ከመድፉ ኋላ ምሁር ይከተል ነበር ማለት ነው። ሆምዝ ከአንድ ወታደር ላይ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ፤ የነገሥታቱ መመኪያ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ደግሞ ለራሱ ወሰደ። የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ወደ 350 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። 11 ታቦታት ዛሬም በዚያው ሙዚየም መጋዘን ተዘግቶባቸው ይገኛሉ። ሆምዝ ያልተማረ ሰው አልነበረም፤ የሚወስደውን ነገር ዋጋ ከወታደሩ ይልቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የቅርስ ጥናት በኢትዮጵያ ምድር ያገኘው አንዱ ጅማሮ ይኸው ነው። ስለሆነም የዛሬው ተማሪ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ጥያቄ «ይህ ዕቃ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ዕቃ የማን ነው? ከማን እጅ ወጣ? ለማንስ ይመለሳል?» የሚለው ነው።

ምሁርና ሕዝብ በአንድነት ሲቆሙ ምን ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ የአክሱም ሐውልት ይመሰክራል። ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የወሰዱት፣ 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ይህ ሐውልት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት በ18 ወራት ውስጥ መመለስ ነበረበት። 18ቱ ወራት ከ50 ዓመት በላይ ሆኑ። ጉዳዩ በዲፕሎማቶች ዶሴ ውስጥ እንዳይቀበር ያደረጉት፣ ከእነ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ጋር ሆነው ፊርማ ያሰባሰቡ፣ የጻፉ፣ የጮኹ ዜጎች ናቸው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በአክሱም ቆመ። በዚያን ጊዜ ጥናቱ ከመደርደሪያ ወርዶ አደባባይ ወጣ፤ ፍሬም አፈራ።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። የቅርስ ትምህርት የሚያስተምረው የማንን ታሪክ ነው? ቤተ መንግሥቱን ያሠራው ንጉሥ ስሙ በየመጽሐፉ ይገኛል። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው ግን ስም የለውም። ስም ከተሰጠውም «ቡዳ» ተብሎ የተሰደበበት ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ለአገር ማረሻውን፣ ልብሱን፣ ብራናውንና እንስራውን እየሰጡ ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ቅርስን አክብሮ ቅርስ ሠሪውን መናቅ ምን የሚሉት አክብሮት ነው? ዩኒቨርሲቲው የኩራትን ብቻ ሳይሆን የኀፍረትንም ታሪክ፣ የባርያ ፍንገላውንና የሙያ ንቀቱን ጭምር፣ ካላስተማረ የሚያፈራው የታሪክ ባለሙያ ሳይሆን አዝማሪ ነው፤ ያውም ለጌታው ብቻ የሚዘፍን።

«ሕዝቡ የቅርሱን ዋጋ አያውቅም፤ ሰርቆ የሚሸጠው ራሱ ነው» የሚል ክስም ይሰማል። ቅርስ የሚሰርቁ ከውስጥ መኖራቸው እውነት ነው። ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ዕቃው የራሱ መሆኑን የተነገረው፣ ጥናቱ የተነበበለት፣ ሲጠየቅም የሚሰማ ባለቤት የሌባ ተባባሪ አይሆንም። የኮንሶ ሕዝብ እርከኑን በድንጋይ ክቦ፣ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የትውልድ እንጨት እየተከለ ዘመኑን ሲቆጥር የኖረው ማንም ዩኒቨርሲቲ ሳያስተምረው ነው። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ሕዝቡ ያወቀውን አወቀ እንጂ። ከላሊበላ የሚገኘው ትምህርትም ይኸው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ከዝናብ እንዲከላከል የብረት መጠለያ ተተከለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን መጠለያው ራሱ ለሕንፃዎቹ ሥጋት ሆኗል ያሉ የከተማው ነዋሪዎች በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥተው ድምፃቸውን አሰሙ። ሕዝቡ ግድ ባይኖረው ኖሮ ለምን ይወጣ ነበር?

ስለዚህ ምን መደረግ አለበት? ወቀሳ ብቻውን ቤት አይሠራም።

አንደኛ፣ ማንኛውም ስለ ቅርስ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ፍሬ ሐሳቡ ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በትግርኛም ሆነ በኮንሶኛ፣ ተጽፎ ለዚያው ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ ገዳም ወይም መስጊድ ሳይመለስ ማዕረግ ሊሰጥበት አይገባም። በአደባባይ ያልተነበበ ጽሑፍ ገና አልተጠናቀቀም።

ሁለተኛ፣ የብራና ፋቂው፣ የድንጋይ ጠራቢው፣ የቅኔ መምህሩ፣ የገዳ ሥርዐት አዋቂው በትምህርት ክፍሉ ውስጥ መምህር ተብለው፣ ለሙያቸውም ተከፍሏቸው ይቀመጡ። ስለ ብራና አሠራር ተጠይቆ ቆዳ ነክቶ የማያውቅ ተመራቂ ብራናን ሊያድን አይችልም።

ሦስተኛ፣ የቅርስ ባለሙያ ሠፈር ከፈረሰ በኋላ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ሳይሆን ከመፍረሱ በፊት እንዲናገር ይጠራ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የፒያሳ ሠፈር ሰፊ ክፍል ፈርሷል። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ ማንም በጎስቋላ ቤት ይኑር የሚል የለም። የትኛው ቤት ይቆይ፣ የትኛው ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን በግሬደር ሳይሆን በዕውቀትና በነዋሪው ቃል መመለስ አለበት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠበቅ ወጥቷል፤ አዋጅ ግን የሚናገርለት ሰው ከሌለ ወረቀት ነው።

አራተኛ፣ ይህ ሥራ ለዩኒቨርሲቲው ብቻ የሚተው አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ተማሪዎቹን በደጃፉ ወዳለው ቅርስ ይውሰድ። የባህል ካድሬው ጥናቱን በስብሰባ ላይ ለማጨብጨቢያ ሳይሆን ለሥራ መመሪያ ያንሣው። ሠዓሊው፣ ጸሐፌ ተውኔቱና ተዋናዩ ከታሪክ ተመራማሪው ጋር ይገናኙ፤ በሺህ ገጽ የማይደረስበትን እውነት አንድ ምሽት በመድረክ ላይ ሊያደርሱት ይችላሉና። ግን ጥበበኛውም ይጠንቀቅ። ታሪክን ለማሳመር ሲል የሚዋሽ ብዕር ከሐራጅ ነጋዴው የሚለየው ዕቃውን በዝሆን ባለመጫኑ ብቻ ነው።

የስድስት ኪሎው ደረጃ ዛሬም ቆሟል። ያን ጊዜ የነበረው ትውልድ ደረጃውን ማፍረስ አላቃተውም፤ ጠላት የጻፈውን ሳይፍቅ የራሱን ቃል ጨመረበት፤ ለመጪውም ትውልድ ማስረጃውን ከነመልሱ አቆየለት። የቅርስና የሕዝብ ታሪክ ትምህርት ማለት ይኸው ነው። ያን የሠሩት ሰዎች በዚህ ትምህርት ዲግሪ አልነበራቸውም። ዛሬ ዲግሪው ያለው ትውልድ ከእነርሱ ያነሰ ሥራ ሊሠራ አይገባውም። ከሕዝብ የተቀበለውን ዕውቀት፣ በሕዝብ ቋንቋ፣ ለሕዝብ መልሶ ማስረከብ ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ዕዳም ይከፈላል።