ስንቅ መያዝ አያሳፍርም
ከደብረ ወርቅ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ለሚዘልቅ ወላጅ ምክሬ አንድ ነው፦ ስንቅ መያዝ አያሳፍርም። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ ለማየት የወጣ ቤተሰብ ኪሱ የሚራገፈው በመግቢያ ትኬት ብቻ አይደለም፤ ልጅ በየሱቁ ደጃፍ ብስኩትና ለስላሳ ግዙልኝ እያለ ሲጎትትም ነው። መፍትሔው ጓዳችን ውስጥ አለ። የገብስ በሶ በደረቁ ከተያዘ ቶሎ አይበላሽም፤ በተፈለገ ጊዜ በውኃ በጥብጦ፣ ስኳር ጨመር አድርጎ ማጠጣት ነው። ዳቦ ቆሎና ድፎ ዳቦም መንገድ ይችላሉ። ወጥ ግን ይቅር፤ በቢቸና አልፈው፣ ደጀን ደርሰው ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ቆሎውን ትልልቆቹ ይቆርጥሙት፤ ሕፃናትን ሊያንቃቸው ስለሚችል ለእነሱ የተበጠበጠ በሶ ወይም ለስላሳ ዳቦ ይሻላል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃም በኮዳ ይያዝ። የሚሄዱበት ቦታ ምግብ ማስገባት የሚከለክል ከሆነ ከበሩ ውጭ በልቶ መግባት ነው። የልጆቻችን ደስታ በገዛነው ለስላሳ ብዛት አይለካም፤ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችን በፊት በሶውን እናስፈጭ።